ዓባይ በረሃ ላይ ያንኳኳ ሞተር፣ ሲከፈት የተሰበረ ፒስተን፦ ጥፋቱ የማን ነው?

የደጀን መንገደኛ

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ግራ የገባኝ ነገር ስላለ ነው የጻፍኩት። ረዘም ይላል፣ ታገሡኝ።

መኪናዬ ኮሮላ ነች። የ2005 ሞዴል፣ ባለ 1.3 ቤንዚን ሞተር፣ ማንዋል ማርሽ። አዲስ አበባ ውስጥ አስቸግራኝ አታውቅም። በቀደም ከቤተሰብ ጋር ወደ ባሕር ዳር ስንወጣ መንገድ ላይ ያገኘነው ማደያ ቤንዚን የለም አለን። እዚያው ዳር ላይ በጀሪካን ከሚሸጡ ልጆች ገዝተን ሞላን። ከጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ ስንወርድ ሰላም ነበር። ድልድዩን ተሻግረን ወደ ደጀን መውጣት ስንጀምር ግን ሞተሩ ውስጥ ጣሳ ላይ ጠጠር እንደሚያንቀጫቅጩ ዓይነት ድምፅ ተነሣ። ነዳጅ ስረግጥ ይብሳል፣ ስለቅ ይጠፋል። አምስት ሰው ከነሻንጣችን ነን፣ ኤሲም ከፍተናል። ደጀን ከወጣን በኋላ ድምፁ ስለጠፋ ተመስገን ብለን ተውነው።

አሁን ግን ዘይት ትበላለች። ከኋላ ሰማያዊ ጭስ ይወጣል። ጋራዥ ወስጄ ኮምፕሬሽን (ሲሊንደሩ አየር ጨምቆ የሚይዘው ግፊት) ሲለካ ከአራቱ ሲሊንደሮች ሦስቱ 10 ባር አካባቢ አሳዩ። ሦስተኛ ቁጥሩ ሲሊንደር ግን 4 ብቻ። ቴስታታው (የሞተሩ የላይ ክዳን) ተነሣ፣ ፒስተኑ ወጣ። በላይኛውና በሁለተኛው ፋሻ (ፒስተኑን የሚከብበው የብረት ቀለበት) መሃል ያለው ግድግዳ ተሰብሯል። የጋራዡ ሰው "ዘይት በጊዜ ስላልቀየርክ ነው" ይለኛል። እኔ ደግሞ በዘይት ጉዳይ አልታማም። አንድ ጓደኛዬ "ፒስተኑ ፎርጅድ ይሆናል" አለ። ሞተሩ ግን አገር ከገባ ጀምሮ ተከፍቶ አያውቅም። የቱን ልመን?

ቪትዝ ነኝ

አይዞህ ወንድሜ። ኮሮላ እንዲህ ከሆነች እኛ ባለ ቪትዞቹ ምን ይዋጠን?

ሂሩት ዘሞተር

መጀመሪያ አንድ ነገር ላረጋጋህ። 10 ባር ያሳዩት ሦስቱ ሲሊንደሮች ጤነኛ ናቸው። የመኪናው መጽሐፍ 13 ቢል እንኳ አዲስ አበባ ላይ 10 ማንበብ ልክ ነው። 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት ባሕር ጠረፍ ላይ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ጌጁም በዚያው ልክ ዝቅ ይላል። ይህን ባለማወቅ ስንት ደህና ሞተር ወርዷል መሰለህ።

አሁን ጥያቄዬ። የተሰበረው ፒስተን አናቱ ላይ ምን ይታያል? መሃሉ ቀልጧል ወይስ ዳር ዳሩ ተቦርቡሯል? የሦስተኛውን ሲሊንደር ካንዴላ ነጭ ሸክላም በአጉሊ መነጽር እየው። ጥቃቅን ነጠብጣብ አለበት?

የደጀን መንገደኛ

መሃሉ ደህና ነው፣ ጥቁር ካርቦን አለበት። ዳሩ ግን በአንድ በኩል ካርቦኑ ተልጦ ብረቱ ይታያል፣ ጥቃቅን ቀዳዳም አለው። ካንዴላው ላይ ደግሞ እንደ ተፈጨ ቁንዶ በርበሬ ያሉ ጥቃቅን ነጠብጣቦች አሉ። አንዳንዱ ጥቁር ነው፣ አንዳንዱ ያብረቀርቃል።

ሂሩት ዘሞተር

እንግዲያው ዘይቱን ተወው። ይህ የማንኳኳት ጉዳት ነው። የሚያብረቀርቀው ነጠብጣብ የገዛ ፒስተንህ አሉሚኒየም ነው።

ጤነኛ ሞተር ውስጥ የሚሆነው እንዲህ ነው። ፒስተኑ ጫፍ ከመድረሱ ትንሽ ቀደም ብሎ ካንዴላው ብልጭታ ይሰጣል። እሳቱ ከካንዴላው ተነሥቶ ወደ ዳር እየሰፋ ይሄዳል። ፍጥነቱ በሴኮንድ በአሥር ሜትሮች የሚቆጠር ነው። ለእኛ ቅጽበት ነው፣ ለሞተሩ ግን የተስተካከለ ግፊት ነው። ትልቁ ግፊት የሚመጣው ፒስተኑ ጫፉን አልፎ መውረድ ሲጀምር ነው። ክራንኩ (ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ዋና ዘንግ) 15 ዲግሪ ገደማ ከዞረ በኋላ ማለት ነው።

ማንኳኳት ሲኖር መጀመሪያው ያው ነው፣ የሚለየው መጨረሻው ነው። እሳቱ ዳር ሳይደርስ እዚያ የቀረው ያልነደደ ቤንዚንና አየር በሙቀትና በግፊት ይጨነቃል። ከዚያ በራሱ፣ ባንዴ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይነዳል። የግፊት ማዕበል ይነሣና ከግድግዳ ግድግዳ ይላተማል። እንደ ሲሊንደሩ ስፋት በሴኮንድ ስድስት ሰባት ሺህ ጊዜ ይርገበገባል። የሰማኸው ድምፅ ይኸው ነው።

ጉዳቱ ከሁለት በኩል ይመጣል። አንደኛው ምቱ ነው። በፋሻዎቹ መሃል ያለው ግድግዳ ቀጭን ስለሆነ ቶሎ ይሰነጠቃል። ፒስተኑን ከክራንኩ የሚያገናኘው የቢየላው ቤሪንግም የላይኛው ግማሽ ይመታል። ሁለተኛው ሙቀቱ ነው። የሚነደው ጋዝ ከ2,000 ዲግሪ ያልፋል፣ አሉሚኒየም ደግሞ 660 አካባቢ ይቀልጣል። ፒስተኑ የማይቀልጠው ከላዩ ስስ የጋዝ ሽፋን ስላለና የደረሰበትን ሙቀት በፋሻው በኩል ለሲሊንደሩ ስለሚያስተላልፍ ነው። ማዕበሉ ያንን ሽፋን ይገፈዋል። የፒስተንህ ዳር የተቦረቦረው ለዚህ ነው። ዳሩ ከካንዴላው ሩቅ ነው፣ እሳቱ መጨረሻ የሚደርስበት ቦታ ነው።

ጋሽ ቶርኖ

ልጅቷ ልክ ናት። እኔ በዚህ ሥራ ፀጉሬ ሸብቷል። ፒስተን ሲመጣልኝ መጀመሪያ አናቱን ነው የማየው። ዳሩ ከተበላ ወይም ፋሻው መሃል ከተሰበረ አንኳኩቷል እላለሁ። መሃሉ ከተበሳ ግን ሌላ በሽታ ነው። ሁለቱን የሚያምታታ ሰው ሞተሩን ሠርቶ ይሰጥህና ተመልሶ እዚያው ይሰበራል።

ቪትዝ ነኝ

ጋሽዬ፣ ያ ሌላው በሽታ ምንድን ነው?

ጋሽ ቶርኖ

ሳይታዘዝ ቀድሞ መንደድ። ካንዴላው ገና እሳት ሳይሰጥ ውስጥ የጋለ ነገር ካለ ቤንዚኑ በእሱ ይያያዛል። የጋለው የተጠራቀመ ካርቦን ሊሆን ይችላል፣ የጭስ ባልቮላ ጠርዝ ሊሆን ይችላል፣ ያለቦታው የገባ ካንዴላም ሊሆን ይችላል። ፒስተኑ ገና ወደ ላይ እየወጣ እያለ እሳቱ ወደ ታች ይገፋዋል። ግፊቱም ሙቀቱም መሃሉ ላይ ያርፋል። ቶሎ ይበሳዋል። ክፋቱ ደግሞ ብዙ ጊዜ ድምፅ የለውም። መንገድ ላይ ጉልበት ጠፋ ትላለህ፣ ወዲያው ጭስ ነው።

ሂሩት ዘሞተር

አንዱ ሌላውንም ይወልዳል። ሞተር ለረጅም ጊዜ ሲያንኳኳ ካንዴላው ይግላል፣ የጋለው ካንዴላ ደግሞ ቀድሞ ማቀጣጠል ይጀምራል። የካንዴላው ሸክላ ጫፍ ከ450 እስከ 870 ዲግሪ ባለው ውስጥ እንዲሠራ ነው የሚፈለገው። ከዚያ በታች ጥቀርሻ ይይዛል። ከዚያ በላይ ራሱ ክብሪት ይሆናል።

የሶማሌ ተራ ልጅ

ስለ ካንዴላ ከተነሣ አይቀር እኔም መለዋወጫ ሻጭ ነኝና የሥራዬን ልናገር። ደንበኛ ይመጣና "ቁጥሩ ትንሽ ቢለይ ምን ችግር አለው፣ ብቻ ይግባ" ይላል። ችግር አለው! ኤንጂኬና ዴንሶ ላይ ቁጥሩ ሲጨምር ካንዴላው ቀዝቃዛ ነው። ቦሽ ላይ ግን ተገላቢጦሽ ነው፣ ቁጥሩ ሲጨምር ሞቃት ነው። ከአንዱ ወደ ሌላው በቁጥር ገምታችሁ እንዳትገዙ። የጥርሱም ርዝመት ይታይ። ረዘም ያለ ከሆነ ጥርሱ ወደ እሳቱ ይወጣና እሱ ራሱ ይግላል።

የሚሌ ሾፌር

ቆይ፣ አንድ ያልገባኝ ነገር አለ። መኪናው አዲስ አበባ ላይ ምንም አላለም። ሲወርድም ምንም አላለም። ሲወጣ ለምን?

ሂሩት ዘሞተር

የዚህ ውይይት ዋናው ጥያቄ የአንተ ነው።

አዲስ አበባ ላይ አየሩ ስስ ነው። ሲሊንደሩ ውስጥ የሚገባው አየር ጥቂት ነው፣ ሲጨመቅም ግፊቱ ዝቅ ይላል። ስለዚህ ተርቦ (አየር ጨምቆ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር ደካማ ቤንዚን ቢጠጣም ብዙ አያንኳኳም። ከፍታው ይደብቅልናል። ጉዱ የሚወጣው ስንወርድ ነው። የዓባይ ድልድይ 1,100 ሜትር አካባቢ ላይ ነው። ጎሃ ጽዮን ደግሞ 2,500 ገደማ። በአርባ ኪሎ ሜትር መንገድ ውስጥ የአየሩ ግፊት ከአሥራ አምስት በመቶ በላይ ይለወጣል። እዚያ ላይ የበረሃውን ሙቀት ጨምር።

ሲወርድ እግሩ ነዳጅ ላይ አልነበረም፣ ስለዚህ ሲሊንደሩ ባዶ ነው ማለት ይቻላል። ሲወጣ ግን አየሩ ከባድ፣ ሙቀቱ ከባድ፣ ጭነቱ ከባድ፣ ነዳጁ እስከ ታች የተረገጠ። ለማንኳኳት ከዚህ የተሻለ ቦታ አገራችን ውስጥ መፈለግ ነው። አዋሽ፣ ገዋኔ፣ ሠመራ፣ ድሬዳዋም ያው ናቸው። አዲስ አበባ ላይ "ቤንዚኑ ደህና ነው" ብሎ መፍረድ አይቻልም የምለው ለዚህ ነው።

መንገደኛው፣ በስንተኛ ማርሽ ነበር የወጣኸው?

የደጀን መንገደኛ

ሦስተኛና አራተኛ። ሞተሩ እንዳይጮህ ብዬ።

ጋሽ ቶርኖ

ይህ የብዙ ሰው ልማድ ነው። ሞተር ሲጮህ የሚጎዳ ይመስላቸዋል። ከጩኸቱ ይልቅ ጭንቀቱ ነው የሚገድለው። ዳር ያለው ቤንዚን በራሱ እንዲነድ ጊዜ ይፈልጋል። ሞተሩ በዝግታ ሲዞር ያንን ጊዜ ያገኛል። ቶሎ ሲዞር እሳቱ ይቀድመዋል። ዳገት ላይ ድምፁን ከሰማህ ወዲያው እግርህን ቀንስ፣ ማርሽ ጣል፣ በሁለተኛ ውጣ። ኤሲውን ዝጋ።

ድሮ ላዳ ነበረኝ

እናንተ ልጆች ታስፈራራላችሁ። የእኔ ሰማያዊ ላዳ ዕድሜዋን ሙሉ ስታንኳኳ ኖራለች። ቁልፍ ነቅዬ ወርጄ ሳለ እንኳ "ቱክ ቱክ" እያለች ትቀጥል ነበር። ቡና አዝዤ ስቀመጥ ነበር የምትጠፋው። ምንም አልሆነችም።

ሂሩት ዘሞተር

ጋሼ፣ ሳቄን አመጡት። እርስዎ የሚሉት ሌላ ነገር ነው። ቁልፍ ከተዘጋ በኋላ የሚቀጥለው ካርቡራተሩ ቤንዚን መስጠቱን ስላላቆመና ውስጥ የጋለ ካርቦን ስላለ ነው። ሞተሩ ያለ ካንዴላ በራሱ እየነደደ ነው። ጭነት ስለሌለበት ብዙ አይጎዳም። ሚኒሞውን (ነዳጅ ሳይረገጥ የሚዞርበትን ዙር) ዝቅ ማድረግና ቁልፍ ሲዘጋ ቤንዚኑን የምትቆርጠውን የካርቡራተር ቫልቭ ማየት ነበር።

ላዳ ብዙ ነገር የቻለችውም መጭመቂያዋ (አየርና ቤንዚኑ የሚታመቅበት ልክ) 8.5 ለ 1 ስለሆነ ነው። የመንገደኛው ሞተር 10.5 ለ 1 ነው። ላዳዋ የታገሠችውን ቤንዚን ይህ አይታገሥም።

ድሮ ላዳ ነበረኝ

እሺ፣ ተሸነፍኩ። ግን ያኔ ቤንዚኑም እርሳስ ነበረበት።

ሂሩት ዘሞተር

እሱስ እውነት ነው። እርሳሱ የገባውም ለዚሁ ማንኳኳት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1921 ቶማስ ሚጅሊ የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ ትንሽ የእርሳስ ውህድ ቤንዚን ላይ ሲጨመር ማንኳኳቱ እንደሚጠፋ አገኘ። ሞተር ዳነ፣ የሰው ሳንባና የልጆች አእምሮ ግን ዋጋ ከፈለ። ለመኪና እርሳስ ያለው ቤንዚን መሸጥ ያቆመችው የመጨረሻዋ አገር አልጄሪያ ናት፣ እ.ኤ.አ. በ2021። መቶ ዓመት ፈጀ ማለት ነው።

አውሮራ ያለሁት

እኔ ከኮሎራዶ ነኝ። ዴንቨር 1,600 ሜትር ላይ ስለሆነች እዚህ ማደያ ኦክቴኑ (ማንኳኳትን የመቋቋም ቁጥሩ) 85 የሆነ ርካሽ ቤንዚን አለ። ሌላው አሜሪካ ላይ ዝቅተኛው 87 ነው። ምክንያቱ ሂሩት ያለችው የከፍታ ነገር ነው። የእኔ መኪና ግን ባለ 1.5 ተርቦ ናት፣ መጽሐፏ 87 ይላል። ዘመዶቼ ሁሉ "85 ሙላ፣ እኛ እሱን ነው የምንሞላው" ይሉኛል። ልስማቸው?

ሂሩት ዘሞተር

አትስማቸው። የከፍታው ቅናሽ ለድሮ ዓይነት፣ አየር በራሱ ለሚስብ ሞተር ነው። ተርቦው የጎደለውን አየር ጨምቆ ይሞላዋል። የአንተ ሲሊንደር ውስጥ ዴንቨር የለም፣ ባሕር ጠረፍ ነው ያለው። አዲስ አበባ ላይ ባለ 1.5 ተርቦ የቻይና መኪና የያዛችሁም ይህን ስሙ።

ተርቦ ያላቸውና ቤንዚኑን ቀጥታ ሲሊንደሩ ውስጥ የሚረጩ አዳዲስ ሞተሮች ደግሞ የራሳቸው ሕመም አላቸው። በዝቅተኛ ዙር ነዳጅ ስትረግጥ ባንዴ ቀድሞ ይነዳል። በአንድ ምት ብቻ ፒስተን ሊሰብር ይችላል። ከሲሊንደሩ ግድግዳ የሚነሣ የዘይትና የቤንዚን ጠብታ ነው የሚያስነሣው። ዘይቱ ውስጥ ያለው የካልሲየም ማጽጃ እንደሚያብሰው ታውቆ የዘይት ደረጃው ተቀይሯል። የኤፒአይ (የአሜሪካ ፔትሮሊየም ተቋም) ደረጃዎቹ ኤስኤን ፕላስ እ.ኤ.አ. በ2018፣ ኤስፒ እ.ኤ.አ. በ2020 የመጡት በዋናነት ለዚህ ነው። ጣሳው ላይ ኤስፒ የሚል ፈልጉ። "ዘይት ዘይት ነው" የሚባለው ለእነዚህ ሞተሮች አይሠራም።

ዱባይ ነኝ

ስለ ቁጥሩ ግራ የሚጋባ ሰው ስላለ ልጨምር። እዚህ ኤምሬትስ ማደያ ላይ 91፣ 95፣ 98 ነው ያለው። አሜሪካ 87 የሚሉት ከእኛ 91 ጋር ተቀራራቢ ነው። አለካኩ ነው የተለየው። እነሱ የሁለት አለካክ አማካይ ይጽፋሉ። ከአሜሪካ መኪና ያመጣ ሰው ክዳኑ ላይ 87 አይቶ ደካማ ቤንዚን የሚጠጣ እንዳይመስለው።

ቪትዝ ነኝ

ድሮ ኢታኖል ሲቀላቅሉበት ጊዜም እንዲህ ይባል ነበር። ሞተራችንን አበላሹ ተብሎ።

ሂሩት ዘሞተር

ፊንጫ የሚመረተውን ነው የምትለው። እ.ኤ.አ. በ2008 በ5 በመቶ ተጀምሮ በኋላ 10 ደርሶ ነበር። ኢታኖል ኦክቴን ያሳድጋል እንጂ አይቀንስም። ለማንኳኳት እንዲያውም መድኃኒት ነው። ጣጣው ሌላ ነው። ውኃ ይስባል፣ የድሮ መኪና ጎማ ቱቦ ያረጃል፣ ታንከር ውስጥ የቆየ ዝቃጭ ያነሣና ፊልትሮ ይዘጋል።

ኦክቴን የሚገድለው ነጭ ጋዝ ነው። ናፍጣም እንደዚሁ። ጥቂት ሲደባለቅ መኪናው ይነሣል፣ ይሄዳል፣ ምንም አይታወቅም። ዓባይ በረሃ ላይ ግን ይታወቃል።

የደጀን መንገደኛ

የጀሪካኑ ቤንዚን ነው ማለት ነው? ታንከሩ ውስጥ ገና አለ። እንዴት ላረጋግጥ?

የሶማሌ ተራ ልጅ

ነጭ ወረቀት ላይ ሁለት ጠብታ አድርግ፣ ጥላ ውስጥ ይድረቅ። ንጹሕ ቤንዚን ቶሎ ተንኖ ይጠፋል። ነጭ ጋዝ ወይም ናፍጣ ካለበት ቅባታማ ክብ ይቀራል፣ እጅህም ላይ ይሸታል። ጎን ለጎን ከታመነ ማደያ የገዛኸውን አድርግና አወዳድር። ላቦራቶሪ አይተካም፣ ግን ጉልህ ቅልቅል ያሳያል።

ቪትዝ ነኝ

በጠርሙስ የሚሸጠው ኦክቴን ማሳደጊያስ? ናፍታሊን ሟምቶ ቢጨመር ይሻላል የሚሉም አሉ።

የሶማሌ ተራ ልጅ

እሸጠዋለሁ፣ እውነቱን ግን ልንገርህ። ጠርሙሱ ላይ "10 ነጥብ ይጨምራል" የሚለው ብዙ ጊዜ አንድ ኦክቴን ማለት ነው። አንዷ ነጥብ አንድ አሥረኛ ናት። ናፍታሊን ደግሞ ሲቀዘቅዝ ተመልሶ ይረጋና ኢንጄክተርህን ይደፍናል። ለልብስ ሳጥን ይሁን።

ጋሽ ቶርኖ

እኔን አንድ ነገር ከነከነኝ። ይህ መኪና ኖክ ሴንሰር አለው። ሞተሩ ብሎክ ላይ የታሰረ ጆሮ ነው። ማንኳኳት ሲሰማ ኮምፒዩተሩ ታይሚንጉን (ካንዴላው ብልጭታ የሚሰጥበትን ጊዜ) ያዘገያል፣ ድምፁ ይጠፋል። ጉልበት ይቀንሳል፣ ነዳጅ ይበላል፣ ፒስተን ግን ይተርፋል። የቤንዚኑስ ይሁን፣ ጆሮው የት ሄዶ ነው?

መንገደኛው፣ ሁለት ነገር እይልኝ። ቁልፍ ስትከፍት የቼክ ኢንጂን መብራቱ ለአፍታ ይበራል? ሴንሰሩስ በእጅ ሲነካ ይንቀሳቀሳል?

ሂሩት ዘሞተር

ጋሽ ቶርኖ እኔ ያለፍኩትን ያዙት። ለሌሎቻችሁ ላብራራ። ሽቦው ቢበጠስ ኮምፒዩተሩ ወዲያው ያውቃል። ፒ0325 የሚል ኮድ ይጽፋል፣ ለጥንቃቄ ታይሚንጉን በጣም ያዘገያል። መኪናው ይደክማል እንጂ አይሰበርም። የሚያስፈራው ሴንሰሩ ላልቶ ሲታሰር ነው። ሽቦው ሙሉ ነው፣ ኮድ የለም፣ መብራት የለም። ሴንሰሩ ግን ደንቆሮ ነው። ኮምፒዩተሩ "ሁሉ ሰላም ነው" ብሎ ታይሚንጉን ወደፊት ይገፋዋል።

ለዚህ ነው ብሎኑ በቶርክ ቁልፍ የሚታሰረው፣ ብዙ ሞተሮች ላይ 20 ኒውተን ሜትር አካባቢ። ከሥሩ ዝገት፣ ቀለም ወይም ሲሊኮን መኖር የለበትም።

የሚሌ ሾፌር

እስኪመልስ ድረስ የእኔንም ጠይቄ ልለፍ። ናፍጣ ሞተርስ? እሱ እኮ ከተወለደ ጀምሮ ያንኳኳል።

ሂሩት ዘሞተር

ናፍጣ ካንዴላ የለውም። የሚሠራው በራሱ በመንደድ ስለሆነ መጠነኛ ማንኳኳት ተፈጥሮው ነው። ቤንዚን ሲደባለቅበት ግን መንደዱ ይዘገያል፣ የተጠራቀመው ባንዴ ይፈነዳል፣ ድምፁ ይጠነክራል። ሌላው ጠላት የሚያንጠባጥብ ኢንጄክተር ነው። ጠብታው ፒስተኑ ላይ እንደ ችቦ እየነደደ ይበሳዋል። ጥቁር ጭስ ከአንድ ሲሊንደር ሲመጣ ኢንጄክተሮቹን አስፈትሽ።

የሚሌ ሾፌር

የአንድ ጓደኛችን መኪና ቁልፍ ተነቅሎ እንኳ እየጮኸ እየጮኸ ሄዶ ነው የፈነዳው።

ጋሽ ቶርኖ

ዘይት እንዳያልፍ የሚያግደው የተርቦው "ሲል" ተበላሽቷል። የራሱን ዘይት እንደ ናፍጣ እየጠጣ ነው። ቁልፍ ምንም አያደርግለትም። ከቆማችሁ ፍሬን ይዛችሁ ከፍተኛውን ማርሽ አስገብታችሁ ፍሪሲዮኑን ልቀቁ፣ ታንቆ ይጠፋል። ካልሆነ አየር ማስገቢያውን በጠንካራ ጣውላ ድፈኑ። በእጅ ወይም በጨርቅ እንዳትሞክሩ፣ ይስበዋል። የሞተሩ ዙር ጣሪያ ላይ ከደረሰ ደግሞ ሞተሩን ተዉት፣ እናንተ ሽሹ።

የደጀን መንገደኛ

ተመለስኩ። ጋሽ ቶርኖ፣ እጅዎን ይባርከው!

ቁልፍ ስከፍት መብራቱ ጭራሽ አይበራም። ዳሽቦርዱ ሲፈታ አምፖሏ ተነቅላለች። ከእኔ በፊት የነበረው ሰው ይሆናል ያስነቀላት። ሴንሰሩ ደግሞ በጣት ይዞራል። ከሥሩ የሌላ ዕቃ ወፍራም ሮንዴላ ገብቶበታል፣ ዙሪያው ሲሊኮን ነው። ወረቀቱንም ሞከርኩ። የታንከሬ ቤንዚን ክብ ሰፊ ሆኖ ቀርቷል፣ የማደያው ጠፍቷል።

አሁን ምን ላሠራ? ጋራዡ "ሦስተኛውን ፒስተን ብቻ ቀይረን እንዝጋ" ይላል።

ጋሽ ቶርኖ

አይሆንም። ሌሎቹ ሦስቱም ያንኑ ቤንዚን ነው የጠጡት። ይውጡና ፋሻ መቀመጫቸው በደንብ ታጥቦ ስንጥቅ ይታይ። የቢየላ ቤሪንጎቹ የላይኛው ግማሽ ይታይ፣ ከላጠ ሁሉም ይቀየር። ሲሊንደሩ ተቧጭሮ ከሆነ ወደ እኛ ወደ ቶርኖ ቤት ይምጣ። ቴስታታው በቀጥታ ማስመሪያ ይለካ። የተሰበረው ቁራጭ የት እንደገባ ሳይታወቅ እንዳይዘጋ፣ ዘይት ቋቱ ታጥቦ ይፈለግ።

ቴርሞስታቱ አለ? "ለአገራችን አያስፈልግም" ብለው የሚነቅሉ አሉ። ብዙ ቶዮታ ላይ ውኃው ራዲያተሩን ዘሎ የሚሄድበትን ማለፊያም የሚዘጋው ቴርሞስታቱ ነው። ሲነቀል ውኃው ራዲያተር ሳይነካ ይዞራል፣ ዳገት ላይ ይግላል።

ሂሩት ዘሞተር

የራዲያተር ክዳኑንም ጨምርበት። አዲስ አበባ ላይ ውኃ 92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ክዳኑ ግፊት ካልያዘ ቴስታታው ውስጥ ባልቮላው ዙሪያ እንፋሎት ይፈጠራል፣ ያ ቦታ ይግላል፣ ከዚያ ጋሽ ቶርኖ ወዳሉት ሁለተኛ በሽታ ነው። ንጹሕ ውኃ ብቻ ሳይሆን ኩላንት ይግባ። ኢንጄክተሮቹ ይታጠቡ፣ አንዱ ከተደፈነ ያ ሲሊንደር ቤንዚን ያንሰዋልና ቀድሞ ያንኳኳል። የቤንዚን መኪና ማስገባት ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ስለተከለከለ ይህ ሞተር ምትክ የለውም ብለህ ነው መሥራት ያለብህ።

አምፖሏን መልሳት። መጀመሪያ እሷን።

የደጀን መንገደኛ

እሺ፣ በዚሁ መሠረት አዝዣለሁ። ቴርሞስታቱም የለም፣ ገምታችሁታል። አንድ የመጨረሻ ጥያቄ። ከታንከሩ የወጣው ቤንዚን ጀሪካን ሙሉ ነው። እናቴ "ለምን ይደፋል፣ ነጭ ጋዝ አለበት ካላችሁ ለምድጃ ስጡኝ" እያለች ነው።

ሂሩት ዘሞተር

በፍጹም! ቤንዚን ያለበት ነጭ ጋዝ ምድጃም ኩራዝም ውስጥ አይገባም። ሲለኮስ ይፈነዳል፣ ቤት ይቃጠላል። እማማን ዛሬውኑ ንገራቸው። ጀሪካኑን ከቤት አውጣና ለጋራዡ ስጥ፣ ዕቃ ያጥቡበታል።